ማንም አይደለችም

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የይሄይስን እጅ የማያውቅ አልነበረም። ከመናኸሪያው እስከ ሆስፒታሉ መታጠፊያ ድረስ ከተሰቀለው ማስታወቂያ ግማሹ የእሱ ሥራ ነው። መቀስ የያዘው ፀጉር አስተካካይ፣ ሥጋ ቤቱ በር ላይ የቆመው ቀይ በሬ፣ ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ሆዷን ደግፋ የተቀመጠችው ነፍሰ ጡር፣ ሁሉም ከእሱ ብሩሽ የወጡ ናቸው። ሰውየውን ቀርቦ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነበር። ጠዋት መሰላሉን ተሸክሞ ይወጣል፤ ማታ ቀለም የጠጣ ካፖርቱን ለብሶ ይመለሳል። ሰላም ካሉት ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያልፋል። ከወይዘሮ ሀብትነሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል።

በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር። እጁ ለሥዕል የቀና ስለሆነ የጦር ክፍሉ ፖለቲካ ቢሮ ወሰደውና መፈክር ሲጽፍ፣ የመሪዎች ምስል ሲሥል ኖረ። ኢሕአዴግ ሲገባ ጦሩ ተበተነ፤ እሱም በእግሩ አገሩ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ የአገው ቤተሰብ አደይን አገባ። አደይ ቀጭን፣ እጇ የማያርፍ፣ ሥራ ላይ ስትሆን ለራሷ በአገውኛ የምታዜም ሴት ነበረች። ሰባት ዓመት አብረው ኖሩ። ልጅ አልወለዱም፤ አልተጣሉምም። እሱ ሥራውን ሠርቶ ይገባል፣ ያቀረበችለትን ይበላል፣ ግድግዳውን ተደግፎ ያያታል። የሚናገረው ግን ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሄደ።

አንድ የጥቅምት ጠዋት መሰላል ላይ ሆኖ የአንድ ሆቴል ስም ሲጽፍ ከታች መጥታ ቆመች። ሻንጣ ይዛለች።

"እንግዲህ እኔ ሄድኩ" አለችው።

"እሺ" አላት።

ትንሽ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ወደ መናኸሪያው ሄደች። እሱ ከመሰላሉ የወረደው ጽሑፉን ሲጨርስ ነው። ያን ዕለት ፊደሎቹ አንዳቸውም አልተጣመሙም፤ ኋላ ሲያስበው የገረመው ይኸው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ቡሬ ላይ ክንዱ የሚባል ባለ ወፍጮ አግብታ መውለዷን ሰማ።

ፊቷን እንደማይረሳ ያውቃል። ያስፈራው እንቅስቃሴዋን መርሳቱ ነበር። ላህ ወንዝ ላይ ታጥባ ስትወጣ ፀጉሯን በአንድ እጇ ጨምቃ ወደ ኋላ እንዴት እንደምትጥለው፣ ሲጠሯት መጀመሪያ ትከሻዋ ከዚያ አንገቷ እንዴት እንደሚዞር። አንድ ቀን ቀና ብሎ ሊያስታውሰው ሞከረና አቃተው። ያን ጊዜ ጦር ሠፈር የነበረ የሲኒማ መኪና ባለሙያ ያሳየው ነገር ትዝ አለው። ባለሙያው በአንድ አሮጌ መጽሐፍ ዳር ላይ የሚራመድ ወታደር ሥሎ ነበር፤ በየገጹ እግሩ ትንሽ ትንሽ እየተለወጠ። ዳሩን በአውራ ጣት ይዞ ሲለቀው ወታደሩ ይሄዳል።

ይሄይስ ማኒላ ወረቀት ገዛ። በመዳፍ ልክ ቆርጦ በእርሳስ ይሥል ጀመር። አንዱን እንቅስቃሴ ሲጨርስ ወረቀቶቹን ባንድ በኩል በክር ይጠርዛቸዋል። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ባንዱ ጥራዝ አደይ ፀጉሯን ትታጠባለች። ባንዱ ከወንዝ ራቁቷን ትወጣለች፤ ጀርባዋ ላይ በልጅነቷ ለሕመም ተብሎ በጋለ ብረት የተተኮሰችበት ጠባሳ ሳይቀር አለ። ባንዱ ደግሞ ባልና ሚስት ተኝተዋል፤ እንደ ባልና ሚስት። የወንዱ ፊት አይታይም። የሴቲቱ ግን ይታያል፤ ትስቃለች። እነዚህን ከእሱ በቀር ያየ ሰው አልነበረም። ከሥራ ሲገባ በሩን ዘግቶ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ አንዱን መርጦ ያንቀሳቅሰዋል። ከዚያ ራቱን ይበላል።

ጊዜው የሚሊኒየሙ ዋዜማ ነበር። ከተማው አጥር ያስቀባል፣ ቦይ ያስጠርጋል፣ ባንዲራ ይሰቅላል። በዚያው ሰሞን ቪዲዮ ቤቶች በጓዳ የወሲብ ፊልም ያሳያሉ የሚል ስሞታ በዛ። ቀበሌው ዘመቻ ጠራ። አዳራሹ በር ላይ የተሰቀለውን "ነውረኛ ምስል ከከተማችን ይጥፋ" የሚለውን ቀይ መፈክር የጻፈውም ይሄይስ ነው። ጨርቁን ወጥሮ ሲሰቅለው ስለ ራሱ ጥራዞች ትዝ አላለውም። ምስል ሲባል ሌላ ነገር መስሎት ነበር፤ ከውጭ የሚመጣ፣ ሰው ተሰብስቦ የሚያየው።

በገበያ ቀን፣ ዝናቡ ጋብ እንዳለ፣ ፖሊሶችና የቀበሌ ሰዎች ወይዘሮ ሀብትነሽ ግቢ ገቡ። የመጡት በግቢው ውስጥ ላለው ቪዲዮ ቤት ነበር። ካሴቶቹን ሰብስበው ሲወጡ አንዱ የይሄይስን ክፍል አይቶ "ይኸስ?" አለ።

"እሱ የሠዓሊው ነው፤ ከቪዲዮው ጋር የሚያገናኘው የለም" አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ።

"ላንዴ እንየው።"

ይሄይስ በር ላይ ብሩሽ እያጠበ ነበር። አልከለከላቸውም። ፖሊሱ ከአልጋው ራስጌ ካለች ሣጥን ጥራዞቹን አወጣ። መጀመሪያ ምን እንደሆኑ አልገባውም። ዳሩን ያዝ አድርጎ ሲለቀው ግን ሴቲቱ ከወንዝ ወጣች። ሳቀ። ሌላውን ጠራው። ሌላውም አይቶ ጓደኛውን ጠራ። ከገበያ የሚመለስ ሰው በሩ ላይ ተሰበሰበ፤ ጥራዞቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ይሄይስ ውሃው ውስጥ እጁን እንደነከረ ቀረ። ከብሩሹ የሚለቀው ቀለም ሰማያዊ ነበር።

"አያ ይሄይስ፣ እንዲህ ያለ ሙያ እንዳለዎት እኮ አናውቅም" አለው አንዱ እየሳቀ።

ከታሰረበት ጣቢያ በማግስቱ በዋስ ወጣ። ዋስ የሆኑት ወይዘሮ ሀብትነሽ ናቸው። በመንገድ ላይ አላናገሩትም፤ ግቢው ጋ ሲደርሱ ግን "እስከ ኅዳር የምትከራየው ሌላ ቦታ ፈልግ። ሴት ልጆች አሉብኝ" አሉት። ዋስ ሆነውለት እንዲህ ማለታቸው ለእሳቸውም ከብዷቸው ነበር፤ ቁልፍ ፍለጋ ጎንበስ ብለው ነው የተናገሩት።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ጠጅ ቤት ውስጥ ይከራከሩበታል፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ይከራከሩበታል። ቀበሌው አዲሱን የወንጀል ሕግ ሊያስረዳ ስብሰባ ሲጠራ ክርክሩ በአዳራሹ ቀጠለ። ሕጉ ከተለወጠ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ምን እንደሚል የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ይሄይስ ኋላ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ግራ ቀኙ ያሉት ወንበሮች ባዶ ሆነው ቀሩ።

አንድ አረጋዊ ቄስ ተነሥተው፣ "ቤተ ክርስቲያናችን ከሥዕል ጋር ጠብ የላትም። ግን ሥዕል የሚያየውን ሰው ወደ አንድ ቦታ ይመራዋል። ይኸ ወዴት ነው የሚመራው? ይኸን ብቻ እንጠይቅ" አሉ።

አንድ የታሪክ አስተማሪ ቀጠለ። "አባታችን ያሉት እውነት ነው። እኔ የማልረዳው ሌላ ነው። ቪዲዮው ውስጥ ያለችው ሴት በሕይወት ያለች ሰው ነች፤ ተታላም ይሆናል፣ ተገድዳም ይሆናል። ወረቀት ላይ ያለችው እርሳስ ነች። እርሳስን ማን ያስገድደዋል? ሰው በልቡ የሚያስበውን ለመክሰስ ነው እንዴ ሕግ የወጣው?"

"በልቡ ቢተወውማ ማን ያውቅበት ነበር" አለች አንዲት ሴት ከመካከል። ጥቂት ሰው ሳቀ።

ይሄይስን አስተያየት የጠየቀው የለም። እሱም እጁን አላወጣም።

ጥብቅናውን የያዙለት አያ ቢሰጥ ነበሩ። ከዳኝነት ጡረታ የወጡ፣ ባለ ወፍራም መነጽር፣ ከመናገራቸው በፊት ረጅም የሚያስቡ ሰው ናቸው። ጥራዞቹን ጣቢያ ሄደው አይተዋቸዋል። ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር አስቀምጠው አናገሩት።

"የምጠይቅህን ለእኔ በእውነት መልስልኝ። ይህች ሴት አደይ ናት?"

"አዎ።"

"ያልተስማማሃት ሚስትህ፣ አሁን የሌላ ሰው ሚስት።"

"የምስማማት ሚስቴ ነበረች" አለ ይሄይስ።

አያ ቢሰጥ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "እንግዲህ ስማኝ። ሕጉ የሚይዝህ ለሕዝብ ለማሳየት ወይም ለመሸጥ ብለህ ከሠራኸው ነው። እሱን እንደማያረጋግጡ አምናለሁ። አንድ ነገር ግን ያሰጋኛል። ዳኛዋ ወጣት ናት፤ የሴት ነገር ይቆረቁራታል። ሥዕሏ የአንዲት የታወቀች ባለትዳር ናት ከተባለ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሴትዮዋም ትዋረዳለች። ስለዚህ ማን ናት ስትባል ማንም አይደለችም በል። ከሐሳቤ የሳልኳት ናት በል።"

ይሄይስ በጫማው ጫፍ የወደቀ ቅጠል ወዲያ ወዲህ አደረገ።

"ውሸት ሆኖብህ ነው?"

"አይ፣ ሌላ ነው" አለ። ምን እንደሆነ ግን አልተናገረም፤ እሳቸውም አላስጨነቁት።

ችሎቱ የተሰየመው መስቀል ካለፈ በኋላ ነበር። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዳኛ አምለሰት ጥራዞቹን በፊቷ ደርድራለች። ዐቃቤ ሕጉ ሰይፈ ትምህርቱን ከጨረሰ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ድምፁን የማያነሣ ወጣት ነው። ሰውን ለማዋረድ የመጣ አይመስልም ነበር።

"የተከበረው ፍርድ ቤት" አለ፤ "ተከሳሽ ክፉ ሰው ናቸው አላልኩም። ግን መስመሩ የት እንደሚጀምር ካልወሰንን ነገ ቪዲዮ ቤቱ ፊልሙን ትቶ ሥዕል ያንቀሳቅሳል። የተሳለ ነው፣ ሰው የለበትም ይለናል። የሚያየው ወጣት ግን የሚያየው ሰው ነው። ልቡ ውስጥ የሚገባው እርሳስ አይደለም።"

አያ ቢሰጥ ተነሡ። ከጥራዞቹ አንዱን አስፈቅደው አነሡና አንዷን ወረቀት ለይተው ያዙ። "እዚህች ላይ አንዲት ሴት እጇን አንሥታለች። ነውር ነው?"

"ብቻዋን አይደለም" አለ ሰይፈ።

"ቀጥሎ ያለችውስ?"

"እሷም ብቻዋን አይደለችም።"

"እንግዲህ ነውሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ሲገለጥ ነው ማለት ነው። ደንበኛዬ በዘጋው ክፍሉ ብቻውን ሲገልጠው ኖሯል። በገበያ ቀን በር ከፍቶ ለሕዝብ የገለጠው ማን ነው? ሕዝቡ ያየው በማን እጅ ነው?"

ከኋላ ወንበር ማጉረምረም ተሰማ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶዋ መታ መታ አደረገች። አንዱን ጥራዝ አነሣች፤ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ስታይ ቆየች። ከዚያ አንዴ ብቻ ዳሩን ይዛ ለቀቀችው። ፊቷ አልተለወጠም፤ ግን ጥራዙን ስታስቀምጠው ቀስ ብላ ነበር።

"ተከሳሽ ይቁሙ። እዚህ ላይ የተሳለችው ሴት ማን ናት?"

ይሄይስ ተነሣ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል። ቀና ሲል ከኋለኛው ወንበር ጫፍ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች ሴት አየ። ሰው ሊያያት የሚችለው ዓይኗን ብቻ ነው። እሱ ግን አቀማመጧን ያውቀዋል፤ አንድ ትከሻዋን ወደ ፊት አድርጋ፣ ልትነሣ እንደተዘጋጀች። አደይ ነበረች።

"ተከሳሽ፣ ጥያቄው ተሰምቶዎታል?"

"ተሰምቶኛል።"

"ማን ናት?"

"ማንም አይደለችም" አለ። "ከሐሳቤ የሳልኳት ናት።"

ሰይፈ አስፈቅዶ ተነሣ። "ማንም ያልሆነች ሴት ጀርባዋ ላይ ጠባሳ ለምን ያስፈልጋታል? በሁሉም ጥራዝ ላይ አለ። አንድ ቦታ፣ አንድ መልክ።"

አያ ቢሰጥ ሊነሡ ሲሉ ይሄይስ መለሰ።

"ያለ ጠባሳ ሰው አይመስልም" አለ።

ወደ ኋላ ሲያይ ወንበሩ ባዶ ነበር።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዳኛዋ ፍርዱን አነበበች። ፍርድ ቤቱ ሥዕሎቹ ለጥበብ ብቻ የተሠሩ ናቸው አይልም፤ ነውር የለባቸውምም አይልም። ነገር ግን ተከሳሹ ለሕዝብ ለማሳየት ወይም ለመሸጥ እንዳልሠራቸው ከማስረጃው ተረድቷል፤ ስለዚህ በነጻ ይሰናበት፣ ንብረቱም ይመለስለት አለች። አያ ቢሰጥ እጁን ጨበጡት። ሰይፈም መጥቶ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣው። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች በቀር እንኳን ደስ ያለህ ያለው አልነበረም።

ጥራዞቹን በፌስታል ተቀብሎ ሲወጣ አደይ ከበሩ ማዶ፣ ጋሪዎች ከሚቆሙበት አጠገብ ትጠብቀው ነበር። ስምንት ዓመት አልተነጋገሩም።

"እንደምን ከረምሽ" አላት።

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?"

"አለሁ።"

ወደ መናኸሪያው ጎን ለጎን ሄዱ። ሰው ዞር ብሎ ያያቸዋል። እሷ አሁን ነጠላዋን አልተከናነበችም።

"ክንዱ ሰማ" አለች። "ቡሬ ገበያ ላይ ነገሩት። የሚስትህን ጀርባ ፍኖተ ሰላም ተሰልፎ አየው አሉት።"

"መታሽ?"

"አይመታም። ዝም አለ። ዝምታን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ሰባት ዓመት ኖሬበታለሁ።"

ይሄይስ ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ማንም አይደለችም ያልከው ለእኔ ብለህ ነው?"

"ለአንቺም፣ ለእኔም።"

"ለክንዱ ነገርኩት። ፍርድ ቤት ቀርቦ ማንም አይደለችም አለ አልኩት። ደስ አለው፤ እራት በላ። እኔ ግን ያን ዕለት ከዚህ ቡሬ እስክደርስ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ነጻ ስላወጣኸኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።"

ከመናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ገቡ። ሰው አልነበረም። ሻይ አዘዙና ሁለቱም ሳይነኩት ቀዘቀዘ።

"ሁሉንም ሰማሁ" አለች አደይ። "አንዱ ከተማው ተነካ አለ፤ አንዱ የተነካ የለም አለ። በደንብ ነው የተከራከሩት። እኔ ኋላ ተቀምጬ ነበር። ጠባሳው የኔ ነው። ዞር ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እነሱስ አያውቁኝም፤ አንተ ነህ ያልጠየቅከኝ።"

"እንዴት አድርጌ ነው የምጠይቅሽ? ሄደሽ ነበር።"

"ከመሄዴ በፊት። አብረን ሳለን፣ ስታየኝ፣ ልሳልሽ ብትለኝ እሺ እልህ ነበር። እየሳቅሁ እሺ እልህ ነበር። በሰባት ዓመት አንድ ቀን ቆንጆ ነሽ ብለኸኝ አታውቅም።"

"እያየሁሽ ነበር" አለ ይሄይስ።

"ማየትማ ታየኝ ነበር። በግ ገዢም በጉን ያያል።"

ይሄን ስትል አልተቆጣችም፤ ደክሟት ነበር። እጇን ዘረጋች። "አንዱን አሳየኝ።"

ሌሎቹን ፌስታሉ ውስጥ ትቶ ፀጉሯን የምትታጠብበትን አወጣላት። ዳሩን እንዴት እንደምትይዘው በራሱ አውራ ጣት አሳያት። መጀመሪያ ስትሞክር ወረቀቶቹ ተዘለሉባት፤ ደግማ ሞከረች። ወጣቷ ሴት ጎንበስ አለች፣ ውሃውን አፈሰሰች፣ ፀጉሯን ጨምቃ ወደ ኋላ ጣለችና ቀና ብላ አየች። አፏ ከፈት ከደን ይላል።

"እዚህ ጋ ምን እያልኩህ ነው?"

"እያዜምሽ ነው። በአገውኛ።"

"ምን ብዬ?"

"አላውቅም" አለ ይሄይስ። "ጠይቄሽ አላውቅም።"

አደይ ሥዕሉን እንደገና አንቀሳቀሰችው። የከንፈሯን መከፈትና መከደን ልብ ብላ አየች፤ ዜማውን ልታገኘው የፈለገች ይመስል ነበር። ከዚያ ጥራዙን ወደ ፌስታሉ መልሳ ፌስታሉን ወደ ራሷ ሳበችው።

"እኒህን እወስዳቸዋለሁ።"

ይሄይስ እጁ ወደ ፌስታሉ ሊሄድ ሲል ያዘው። "ልታቃጥያቸው ነው?"

"የኔ ናቸው። ምን እንደማደርጋቸው ለአንተም፣ ለክንዱም፣ ለማንም አልነግርም።"

"እሺ" አለ።

ይህን ቃል ሲል ሁለቱም ቀና ብለው ተያዩ። አደይ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት፤ ግን አላለችም። የቡሬ ሚኒባስ ረዳት እየተጣራ ነበር። ሸኛት። መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ሸፈነችው። መኪናው ሲነሣ እጇን ከመስኮቱ ላይ አንሥታ ዝቅ አደረገችው። እሱ ባርኔጣውን ነካ አደረገ።

ነጻ መውጣቱ ኑሮውን አላቀለለውም። ሴቶች መንገድ ላይ ሲያዩት ልጆቻቸውን ወደ ማዶ ይስባሉ። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ያለችውን ነፍሰ ጡር አንድ ሰው ኖራ ቀባባት። ወንዶች ደግሞ በሌላ መንገድ ይመጣሉ። ቀን ላይ ሰላም የማይሉት ሰዎች አመሻሽ ላይ ጠጋ ብለው "እንደዚያች ያለች አንድ ሳልልን፤ ማንም አያውቅም" ይሉታል። አንዱ የቀበሌ ሰው ነበር። ይሄይስ "አልሥልም" ይላቸዋል። ይቀየሙታል፤ ለእነሱ ሲሆን ጨዋ የሆነባቸው ይመስላቸዋል።

አንድ ማታ አዲስ ማኒላ ወረቀት ቆርጦ ተቀመጠ። እጁ አልረሳም። የመጀመሪያዋን ወረቀት ሣለ፤ ጎንበስ ስትል። ሁለተኛዋን ሊጀምር እርሳሱን ሲያነሣ አደይ ሻይ ቤት የተናገረችው መጣበት። ልሳልሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ነበረበት፤ የሚጠየቀው ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። እርሳሱን አስቀመጠ። ወረቀቷን ምድጃ ውስጥ ከተታትና አመድ እስክትሆን አያት።

ኅዳር ሲገባ መሰላሉንና ቀለሞቹን አውቶቡስ ላይ አስጭኖ ወደ ዱርቤቴ ሄደ። ዱርቤቴ ትንሽ ናት፤ የሚያውቀው ሰው የለም። የእህል ነጋዴዎች ማስታወቂያ ይፈልጉ ነበርና ሥራ አላጣም። ጤፍና በርበሬ ይጽፋል፤ የሚዛን ሥዕል ይሥላል፤ ለከብት መድኃኒት ቤት አንዲት ላም ሠራ። የሣላትን ላም ሰው አይቶ ያመሰግነዋል። ስለ ሌላ የሚጠይቀው የለም። ገበያው ሲበተን ከብቶቹ አቧራ እያስነሡ ወደየመንደራቸው ይሄዳሉ፤ እሱም ክፍሉ ይገባል። የምታንቀሳቅሰው ነገር የሌላት አውራ ጣቱ በራሷ ጭኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

ያረፈበት ክፍል ግድግዳ ስስ ነበር። በዚያ በኩል አገሬ የምትባል እህል አበጣሪ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ሲነጋገሩ ይሰማዋል፤ ስለ ገብስ፣ ስለ እግር ሕመም፣ ስለሞተ ሰው። ድምፃቸው ሲቆም እሱም ይተኛል። ሁለት ወር ጎን ለጎን ኖረው ፊት ለፊት ተገናኝተው አያውቁም፤ እሷ ከመንጋቱ ትወጣለች።

አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግድግዳው ተንኳኳ።

"ጎረቤት" አለች ሴትየዋ ከማዶ። "ክብሪት ይኖርዎት ይሆን? የኛው ረጠበብን።"

ይሄይስ ክብሪቱን ፈልጎ ወጣ። አገሬ በሯ ላይ ቆማ ነበር፤ ፀጉሯ ላይ የገብስ ገለባ አለ። ክብሪቱን በሁለት እጇ ተቀበለችው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። "ድምፅዎ ተሰምቶን አያውቅም። እናቴ ያ ክፍል ባዶ ነው ትላለች፤ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ቀለም ይሸተኛል እላታለሁ።"

ብዙ ነገር ሊላት ፈለገ። ሁለት ወር ሙሉ ሲሰማ የኖረው የሌላ ሰው ድምፅ እንጂ የራሱ ድምፅ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ታወቀው። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ከአፉ ቃል አልወጣም።

"አለሁ" አላት። ትንሽ አሰበና "ይሄይስ እባላለሁ። ማታ ማታ የምታወሩትን እሰማለሁ። እናትዎ፣ እግራቸው እንዴት ሆነላቸው?" አለ።

አገሬ ገረማት። ከዚያ፣ "ዛሬ ይሻላታል" አለች። ክብሪቱን ይዛ ገባች። በግድግዳው ማዶ ለእናቷ ስትነግራቸው፣ እናቷም ስሙን ሲደግሙት ሰማ። ይሄይስ ወዲያው አልገባም፤ ብርዱ እስኪሰማው ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ቆየ።